አዲስ ተንደርበርድ ከተጫነ በኋላ «ደብዳቤዎቼ የት ሄዱ?»፦ የድሮው ዝርዝር እንዴት ይመለሳል?

የትርጉም ቤቷ · ሰኞ፣ 4፡10 ጠዋት

ሰላም ለሁላችሁም። ፒያሳ አንድ ትንሽ የትርጉም ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው። አለቃዬን ጋሼ ነው የምንላቸው፤ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ኢሜይል የሚያነቡት ተንደርበርድ በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ብቻ ነው። በስልክ ላሳይዎት ብላቸው ፈቃደኛ አይደሉም።

የድሮው ኮምፒውተራቸው ዊንዶውስ 7 ነበር። በጣም ስለተንቀራፈፈ አዲስ ተገዛላቸው። አርብ ማታ ተንደርበርድ 140 ጫንኩ፣ የኢሜይል አካውንታቸውን አስገባሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ሲያወርድ ቆየ። ዛሬ ጠዋት ሲከፍቱት ድምፃቸውን ሰማሁ። «ደብዳቤዎቼ የት ሄዱ?» ሮጬ ገባሁ። እጃቸው ማውሱ ላይ እንዳለ ደርቀው ቀርተዋል።

ደብዳቤዎቹ አሉ። ግን ድሮ እያንዳንዱ በአንድ መስመር ተዘርግቶ ይታይ ነበር፤ አሁን እንደ ካርድ እየተቆለለ ነው የሚመጣው። ስክሪኑም ለሦስት ተከፍሏል፤ የሚነበበው ደብዳቤ በስተቀኝ ሆኗል። «ፋይል፣ ኤዲት፣ ቪው» የሚለው መስመር ጭራሽ የለም። አማርኛው ደግሞ ቀጥኖ አንሶባቸዋል፤ አንገታቸውን አስግገው ነው የሚያነቡት። በዚያ ላይ የቢሮው መስመር ተቋርጦ ስለነበር በስልኬ ነበር ያገናኘሁት፤ ለወር የገዛሁት ፓኬጅ እሁድ ማታ አለቀ።

ወደ ድሮው መመለስ ይቻላል? የድሮውን ቨርዥን ልጫንላቸው ይሆን?

ኮረንቲ · ሰኞ፣ 4፡35 ጠዋት

እህቴ፣ የድሮውን ቨርዥን አትጫኚ። የደህንነት ጥገናው ቆሟል። ደግሞም ተንደርበርድ በአዲሱ የተከፈተ ፕሮፋይልን (ደብዳቤውና ሴቲንጉ የሚቀመጥበትን ፎልደር) በአሮጌው ልክፈት ብትዪው እምቢ ይላል። አዲሱ ላይ እንዳለሽ የድሮውን መልክ ማምጣት ትችያለሽ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

መጀመሪያ ኪቦርዱ ላይ «አልት»ን ንኪ። የጠፋው የሜኑ መስመር ብቅ ይላል። እንዳይጠፋ ከፈለግሽ «ቪው» ውስጥ «ቱልባርስ» ግቢና «ሜኑ ባር»ን አብሪው። እዚያው «ቪው» ውስጥ «ሌይአውት» አለ። «ክላሲክ»ን ስትመርጪ ዝርዝሩ ከላይ፣ የሚነበበው ከታች ይሆናል። ከዚያ ከደብዳቤዎቹ ዝርዝር በላይ፣ በቀኝ ጥግ፣ ትንሽ ምልክት ታያለሽ። ስትጫኚው «ቴብል ቪው» እና «ካርድስ ቪው» ይላል። «ቴብል»ን ምረጪ። አለቀ።

ረድፎቹ ከተራራቁ ወይም ከተጠጋጉ፣ በስተቀኝ ላይ ሦስት መስመር ያለውን ሜኑ ክፈቺ። «ዴንሲቲ» የሚል ሦስት ምርጫ አለው፤ የተጠጋጋ፣ መካከለኛ፣ ሰፊ። ከሥሩ «ፎንት ሳይዝ» አለ፤ በመደመርና በመቀነስ ነው የሚሠራው። እሱ የሚያሳድገው ዝርዝሩንና ሜኑውን ነው። ደብዳቤው ውስጥ ያለው ጽሑፍ ሌላ ነው፤ እሱን የሚያውቅ ይነግርሻል።

ይህ ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በጁላይ 2023 በወጣው ቨርዥን 115 ነው፤ «ሱፐርኖቫ» የሚሉት። ቨርዥን 1.0 የወጣው በዲሴምበር 2004 ነው። ሃያ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ቤት ነበር፤ አንዱን ግድግዳ ስትነኪ ሌላው ይናጋል። ገንቢዎቹ የፊቱን ገጽ እንደ አዲስ ሠሩት። የሚሠሩት ደግሞ በአብዛኛው ተጠቃሚው በሚያዋጣው ገንዘብ ነው። ስለዚህ ጋሼ ቢደነግጡም አልፈርድባቸውም፤ ሥራውን ግን እኔ አከብረዋለሁ።

ከአሌክሳንድሪያ · ሰኞ፣ 5፡20 ጠዋት

እዚህ ቨርጂኒያ ለቤተ ክርስቲያናችን ጽሕፈት ቤት ኢሜይሉን የማስተካክለው እኔ ነኝ። ከኮረንቲ ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። ካርዱን ቶሎ አታጥፊው። እኛ ጋ ደብዳቤ የሚመልሱት እናት ዓይናቸው ደክሟል። በድሮው ዝርዝር ርእሱ መሀል ላይ ይቆረጥባቸው ነበር። በካርዱ ግን ላኪውና ርእሱ ለየብቻ መስመር ስላላቸው ፊደሉን ብናሳድገውም ይነበባል። አንድ ሳምንት ሞክሩትና ጋሼ ራሳቸው ይምረጡ።

ኮረንቲ · ሰኞ፣ 5፡32 ጠዋት

ልክ ነሽ፣ ፊደል በጣም ለሚያሳድግ ሰው ካርዱ ይሻላል። እኔ ያሰብኩት በቀን መቶ ደብዳቤ በዓይኑ የሚያልፍን ሰው ነው።

ፊደል ወዳጅ · ሰኞ፣ 6፡05 ቀን

አማርኛው የቀጠነበት ምክንያት አለው። ጋሼ ለዓመታት ያነበቡት በ«ኒያላ» ፎንት ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮ ይመጣ ነበር። በዊንዶውስ 10 እና 11 ግን አብሮ አይጫንም፤ አማርኛውን የሚያሳየው «ኤብሪማ» የሚባለው ነው። ለዓይናቸው እንግዳ የሆነው እሱ ነው። ኒያላን ከፈለጉ በዊንዶውስ ሴቲንግ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ውስጥ የኢትዮጵያ ፊደላት ተጨማሪ ፎንት አለ፤ ጫኚው።

ከዚያ ወደ ተንደርበርድ። «ሴቲንግስ»፣ «ጀነራል»፣ የፎንቱ ቦታ ላይ «አድቫንስድ» የሚለውን ክፈቺ። ከላይ «ፎንትስ ፎር» ይላል። ዝርዝሩን ወደ ታች ስትወርጂ «ኢትዮፒክ» አለ። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ለፊደላችን ለብቻው የተቀመጠ ቦታ ነው። «ሴሪፍ»ም «ሳንስ ሴሪፍ»ም «ሞኖስፔስ»ም ላይ ኒያላን ወይም የምትወዱትን ምረጪ። አቢሲኒካም ኖቶ ኢትዮፒክም በነፃ ይገኛሉ።

አንድ እኔን ያደከመኝ ነገር ልንገርሽ። መጠኑን ኢትዮፒክ ላይ ብቻ ስጨምር ደብዳቤው አላደገልኝም። ፊደሉ ከኢትዮፒክ ይመጣል፣ መጠኑን ግን ብዙ ጊዜ ከላቲኑ ነው የሚወስደው። እዚያው «ላቲን»ን መርጠሽ እሱንም ከፍ አድርጊ። «ሚኒመም ፎንት ሳይዝ»ንም 16 ወይም 18 ብትዪው ማንም በደቃቅ ፊደል ቢጽፍላቸው ከዚያ በታች አይወርድም።

የሚጽፉበት ፎንት ደግሞ ለብቻው «ኮምፖዚሽን» ውስጥ ነው።

ዱባይ ያለሁት · ሰኞ፣ 6፡40 ቀን

በዚሁ አጋጣሚ ልጠይቅ። የመሥሪያ ቤቴ ኢሜይል የማይክሮሶፍቱ ኤክስቼንጅ ነው። ተንደርበርድ ላይ ሳስገባው ሁልጊዜ የሚከፈልበት አድኦን (ተጨማሪ መሣሪያ) ይጠይቀኝ ነበር። አሁንም እንደዚያ ነው?

ኮረንቲ · ሰኞ፣ 6፡52 ቀን

አይደለም። በኖቬምበር 2025 ከወጣው 145 ጀምሮ ኤክስቼንጅ ያለ አድኦን ይሠራል። በመጀመሪያ የመጣው ግን ኢሜይሉ ብቻ ነው፤ ካላንደሩንና የስልክ ማውጫውን አብሮ አልያዘም። ኤክስቼንጁን ለማግኘት በየወሩ የሚታደሰውን የተንደርበርድ ቨርዥን መጠቀም አለብህ። 140 በዓመት አንዴ የሚለወጠው ስለሆነ እዚያ ላይ ጨርሶ አትጠብቀው።

የትርጉም ቤቷ · ሰኞ፣ 8፡15 ከሰዓት

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም! «ክላሲክ» እና «ቴብል» አደረግኩት። ኒያላም ገባ፣ ላቲኑንም 18 አልኩት። ጋሼ ወንበራቸው ላይ ተደግፈው ማንበብ ጀመሩ። ካርዱንም አሳየኋቸው፤ «ለአንቺ ይሁንሽ» አሉኝ።

ግን ምሳ በልተን ስንመለስ ሌላ ነገር ጠየቁኝ። «ቆየት ያሉት የት አሉ?» በድሮው ላይ በግራ በኩል፣ ከታች፣ ብዙ ፎልደር ነበራቸው። በደንበኛ ስምና በዓመት የተለየ። እዚህ ያለው ግን ያለፉት ሦስት ዓመታት ብቻ ነው። እስኪወርድ ልጠብቅ?

ሒሳብ ሹም · ሰኞ፣ 8፡21 ከሰዓት

አትጠብቂ! አይወርድም! የድሮው ኮምፒውተር የት ነው ያለው? ማንም እንዳይነካው።

እነዚያ ፎልደሮች ከላያቸው «ሎካል ፎልደርስ» የሚል ጽሑፍ ከነበረ ሰርቨር (የኢሜይል አገልግሎቱ ኮምፒውተር) ላይ የሉም። ያሉት እዚያ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ፎርማት ከተደረገ አለቀ።

የትርጉም ቤቷ · ሰኞ፣ 8፡24 ከሰዓት

አዎ፣ እንደዚያ ይል ነበር። ኮምፒውተሩን የወንድማቸው ልጅ ትናንት ወስዶታል። አጽድቶ ለእህቱ ሊሰጣት ነው። እየደወልኩ ነው።

የትርጉም ቤቷ · ሰኞ፣ 8፡51 ከሰዓት

አልተነካም። አንስቶ ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጦታል። ማታ ሥራ ሲጨርስ ሊያጸዳው ነበር። ታክሲ ይዤ እየሄድኩ ነው። ምን ላድርግ? ምኑን ነው የምገለብጠው? እዚያ ያለው ተንደርበርድ 78 ነው።

ኮረንቲ · ሰኞ፣ 9፡00 ከሰዓት

ተመስገን። አዲሶቹ ላይ «ኤክስፖርት» የሚባል አለ፤ 78 ላይ ግን የለም። ቢኖርም ከ2 ጊጋ በላይ ለሆነ ፕሮፋይል አይሆንም። ስለዚህ በእጅ ነው።

የድሮውን ተንደርበርድ ክፈቺ። «ሄልፕ» ውስጥ «ትረብልሹቲንግ ኢንፎርሜሽን»። «ፕሮፋይል ፎልደር» ከሚለው አጠገብ «ኦፕን ፎልደር» አለ፤ ተጫኚው። ፎልደሩ ሲከፈት ተንደርበርድን ዝጊው። ይህን እንዳትረሺ፣ ክፍት እያለ የተገለበጠ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ከዚያ ያንን ፕሮፋይል እንዳለ፣ ምንም ሳትመርጪ፣ ሙሉውን ገልብጪ። ይህ መጠባበቂያሽ ነው።

ፍላሹን አስቀድመሽ እዪው። ፎርማቱ ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ተንደርበርድ ደግሞ የአንድ ፎልደርን ደብዳቤ በሙሉ በአንድ ፋይል ነው የሚያስቀምጠው። ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ ይሁን።

ቢሮ ስትመለሺ አዲሱ ላይም በተመሳሳይ መንገድ ፕሮፋይሉን ክፈቺ፣ ተንደርበርድን ዝጊ። ከገለበጥሽው ውስጥ «ሜይል» ውስጥ ያለውን «ሎካል ፎልደርስ» ውሰጂ። አዲሱ ላይ በዚያው ቦታ አስቀምጪው። ሲከፈት ማውጫውን ራሱ ይሠራል፤ ትንሽ ታገሺው።

ሒሳብ ሹም · ሰኞ፣ 9፡30 ከሰዓት

የጮህኩብሽ በእኔ ስለደረሰ ነው፤ ይቅርታ። እኛ ጋ የቢሮው ኢሜይል በፖፕ ነበር የሚወርደው። ላፕቶፑ ከመኪና ተሰረቀ። እኔ ደግሞ ሰርቨሩ ላይ ሁሉም አለ ብዬ ተረጋግቼ ነበር። ከፍቼ ሳይ ያለፉት ሁለት ሳምንታት ብቻ ናቸው ያሉት። ለካስ በፖፕ አካውንት «ሊቭ ሜሴጅስ ኦን ሰርቨር» ከሚለው ሥር «ለ14 ቀን ብቻ» የሚል ምልክት ተደርጎበት ነው የሚመጣው። ለስድስት ዓመት አላየሁትም። ከግብር ጋር የተያያዘ ስንት ደብዳቤ ነበረ፤ አንዱንም አላገኘሁም።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ እባካችሁ አሁኑኑ «አካውንት ሴቲንግስ» ግቡና አካውንታችሁ ፖፕ ነው አይማፕ ብላችሁ እዩ። ስለ አዲሱ መልክ ብዙ ተባለ፤ ለእኔ ግን ትልቁ ጉዳይ ይሄ ነው። አይማፕ ከሆነ ደብዳቤው ሰርቨሩ ላይ ነው፣ ኮምፒውተሩ የሚይዘው ቅጂ ነው። ፖፕ ከሆነ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ብቻውን ሊሆን ይችላል። ሎካል ፎልደርስ ከሆነ ደግሞ ሁልጊዜም ብቻውን ነው።

ከአሌክሳንድሪያ · ሰኞ፣ 10፡05 ከሰዓት

አሁኑኑ አየሁ። የእኛ አይማፕ ነው። ሎካል ፎልደርስ ውስጥ ግን የምእመናን ዝርዝር የያዙ አርባ ደብዳቤዎች አገኘሁ። ማን እንደከተታቸው አላውቅም። ወደ አካውንቱ እየጎተትኩ ነው።

ኮረንቲ · ሰኞ፣ 10፡20 ከሰዓት

በዚህ መሀል ፓኬጅሽ ለምን እንዳለቀ ሳንነግርሽ ቀረን።

ተንደርበርድ አይማፕ አካውንት ሲገባለት ሁሉንም ደብዳቤ ከነአባሪው አውርዶ ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀምጣል። መስመር ሲጠፋም እንዲነበብ ብሎ ነው። ፓኬጅሽን የጨረሰው እሱ ነው። «አካውንት ሴቲንግስ» ውስጥ ከአካውንቱ ሥር «ሲንክሮናይዜሽን ኤንድ ስቶሬጅ» አለ። እዚያ በቅርብ ቀናት የመጡትን ብቻ አውርድ ማለት ይቻላል፤ 30 ቀን ወይም 90 ቀን። ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነውን አታውርድ የሚልም አለ። የቀሩት ርእሳቸው ይታያል፤ ሲከፈቱ ብቻ ነው የሚወርዱት። መብራትና መስመር ለሚቆራረጥበት ቢሮ ሦስት ወር ያህሉ ኮምፒውተሩ ላይ ቢኖር እመርጣለሁ። ሁሉንም አጥፊ አልልሽም።

«ሰርቨር ሴቲንግስ» ውስጥ ደግሞ በየ10 ደቂቃው ነው አዲስ ደብዳቤ የሚጠይቀው። በስልክ ስትሆኚ 30 አድርጊው። የተሰረዘ ደብዳቤም ከዲስኩ ወዲያው አይወጣም። «ፋይል» ውስጥ «ኮምፓክት ፎልደርስ» ስትዪው ነው ቦታው የሚለቀቀው። አዲሶቹ ራሳቸው ያደርጉታል፣ ግን ዲስክ ከጠበበባችሁ በእጅ ማድረጉ አይጎዳም።

የትርጉም ቤቷ · ማክሰኞ፣ 3፡40 ጠዋት

ገብቷል! ሁሉም ገብቷል። ትናንት ማታ እስከ ሁለት ሰዓት ቆየን። ጋሼ ወደ ቤት አልሄዱም፤ አጠገቤ ቁጭ ብለው ፎልደሮቹ አንድ በአንድ ሲወጡ ያዩ ነበር። ስማቸውን እያነበቡ «እሱ አለ፣ እሷም አለች» ይሉ ነበር። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። እነዚያን ደብዳቤዎች እንደዚህ እንደሚፈልጓቸው አላውቅም ነበር። ኮምፒውተሩን በራሴ እጅ ነበር የሰጠሁት፤ አሁንም ሳስበው እጄ ይንቀጠቀጣል።

አንድ ነገር ቀረ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ውስጥ ጥቂቶቹ ሲከፈቱ አማርኛ አይደሉም። የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ኮማ፣ ቅንፍ፣ ምልክት ተደበላልቆ ነው የሚታየው። በድሮው ኮምፒውተር ላይ ይነበቡ ነበር ይላሉ። ስገለብጥ ተበላሹ እንዴ?

ፊደል ወዳጅ · ማክሰኞ፣ 4፡15 ጠዋት

አልተበላሹም። ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የየቋንቋውን ፊደል የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) ሳይለመድ በፊት የተጻፉ ናቸው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ቢሮዎች ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት በቪዥዋል ግዕዝና በፓወር ግዕዝ ነበር የሚጽፉት። እነዚያ ፎንቶች የላቲኑን ቁልፍ ወስደው በላዩ ላይ የእኛን ፊደል ይሥሉበታል። ፎንቱ ከሌለ የሚታየው ሥሩ ያለው ላቲን ነው። የድሮው ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ተጭኖ ነበር ማለት ነው።

ያ ኮምፒውተር እጅሽ ላይ እያለ ከዊንዶውሱ የፎንት ፎልደር ውስጥ ፈልጊና አዲሱ ላይ ጫኚ። ከዚያ ትናንት በገባሽበት የ«አድቫንስድ» መስኮት ውስጥ «ደብዳቤዎች ሌላ ፎንት እንዲጠቀሙ ፍቀድ» የሚለው ምልክት እንዳለበት እዪ። ደብዳቤው የፎንቱን ስም ይዞ ከመጣ ወዲያው አማርኛ ይሆናል። ካልሆነ ተራ ጽሑፍ ነው። ተራ ጽሑፍ የሚታየው በ«ሞኖስፔስ» ስለሆነ፣ ላቲን ላይ ሞኖስፔሱን ለጊዜው ወደዚያ የድሮ ፎንት ቀይሪው። አንብበሽ ስትጨርሺ መልሺው፣ አለዚያ የእንግሊዝኛው ደብዳቤ ሁሉ ይደበላለቃል።

የምትፈልጓቸውን ግን በዩኒኮድ እንደገና ጻፏቸው። እንዲህ እንዳሉ በፍለጋ አይገኙም። ስትጽፊም አንድ አጻጻፍ ያዢ። የተንደርበርድ «ኩዊክ ፊልተር» የሚፈልገው ልክ የጻፍሽለትን ፊደል ነው። «ሥራ» ብለሽ ብትፈልጊ «ስራ» ተብሎ የተጻፈው አይመጣም። «ፀሐይ» እና «ጸሀይም» ለእሱ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። እኔ ሁለቱንም እየሞከርኩ ነው የምፈልገው።

የትርጉም ቤቷ · ማክሰኞ፣ 9፡50 ከሰዓት

ፎንቱ ተገኘ። ሦስቱ ወዲያው ተነበቡ፣ የቀሩት ሞኖስፔሱን ስቀይር ወጡ። አሥራ አንድ ናቸው። ጋሼ እያነበቡልኝ በዩኒኮድ እየጻፍኩ ነው፤ አራተኛው ላይ ነን። «ስ»ዋን በንጉሡ «ሠ» አድርጊ እያሉ ያርሙኛል። የወንድማቸው ልጅ ኮምፒውተሩን ዓርብ እንዲወስድ ነግሬዋለሁ፤ እስከዚያ ሁለተኛ ቅጂ በውጭ ዲስክ አደርጋለሁ።